ጋቢ ለብሰን ቀበሮ ፍለጋ

በወጣትነቴ ባሌ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አይቻለሁ እላለሁ። «እላለሁ» የምለው በጥንቃቄ ነው። ወደ ጎባ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ዲንሾ ላይ ተበላሽቶ አደርን፤ በማግሥቱ ጠዋት ብርዱን ለማባረር በእግሬ ስንሸራሸር፣ ከሚግጡ ከብቶች መሐል አንዲት ቀይ እንስሳ ተረጋግታ ስትሄድ ተመለከትኩ። እግሯ ረጅም፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ ጅራቷ ጥቁር ነበር። ቢያንስ እንዲህ አድርጌ ስናገረው ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ግን «ሲያጨኝ ቀበሮዋ አንዲት ነበረች፤ የመጀመሪያው ልጃችን ሲወለድ ሁለት ሆኑ» እያለች እንግዳ ታስቃለች። የቡራዩው ወዳጄ ደግሞ ታሪኩን በሰማ ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ቀበሮ ከከብት ጋር ምን አገናኘው? ያየኸው የእረኛ ውሻ ነው።»

ቀድሞ እስቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ስሞች ይጠፉብኝ ጀመር። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን መፈለጌ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ዕድሜዬን ሙሉ በእርግጠኝነት የተናገርኩት ይህ ትዝታ ውሻ ሆኖ ከተገኘ፣ የቀሩትን በምን አምናቸዋለሁ? ስለዚህ አቅሜ ሳይከዳኝ ወደዚያ ሥፍራ ተመልሼ፣ ቀበሮ በእርግጥ ከከብት መሐል የሚሄድ መሆን አለመሆኑን ለማየት ቆረጥኩ።

ሦስት ሆነን ተነሣን። እኔ ከሰበታ፣ ተሳላቂው ወዳጄ ከቡራዩ፣ ሦስተኛው የልጄ ሚስት አባት፣ የሱሉልታው ገበሬ ናቸው፤ አገሬው እንደሚጠራቸው ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። አስቀድመን ሐኪም አማከርን። ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ እየተገናኘን በኦቦ የግጦሽ ሜዳ ዳር እግራችንን አፍታታን። ለውድድር የሚለማመዱ ሯጮች በአጠገባችን እየበረሩ ያልፋሉ፤ ዞረው ሲመለሱ እኛ ገና ያው ዛፍ ሥር ነን። አንዲት ሯጭ «አይዟችሁ አባቶች፣ ጉዞው ወዴት ነው?» ብላ ጮኸችልን። ወዳጄ «ባሌ» አላት። «በእግር?» ብላ ቆም አለች።

ዲንሾ ካለው ብሔራዊ ፓርክ የደረስን ዕለት ደጋ አጋዘኖች ከጥድና ከኮሶው ሥር ወጥተው ሲግጡ አገኘናቸው። አንዱ ወንድ ጠምዛዛ ቀንዱን ቀና አድርጎ ሲመለከተን፣ ኦቦ ባርኔጣቸውን አነሡለት። በማግሥቱ ከአስጎብኚያችንና ጓዛችንን ከጫነችው ፈረስ ጋር የዌብ ወንዝን ሸለቆ ይዘን ወጣን። ፍልፈሎች ከየጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ አፈር ይገፋሉ፤ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ከሩቅ ሲታዩ ቆመው የሚጠብቁን ሰዎች ይመስላሉ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ቀበሮ ግን አልታየም። በድንኳን አድረን ስንነሣ የቀረን ያች አንዲት ጠዋት ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ መመለሻችን ነው። አስጎብኚው «ጉም ሳይወርድ ማየት አለባችሁ፤ እኔ ፈረሷን ጭኜ እደርስባችኋለሁ፤ ይህን መንገድ ይዛችሁ ቅደሙ» አለን።

ቀደምን። ብርዱ አጥንት ይገባ ስለነበር ሦስታችንም ነጭ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ከዘራችንን ይዘን፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ሆነን ነው የሄድነው። እንዴት እንደምንመስል ያሰበ አልነበረም። መንገዱ አንድ ግቢ ደጃፍ አደረሰን። የቤቱ ጌታ ገና ከሩቅ ሲያየን በረት የሚከፍትበትን እጁን ሰብስቦ፣ ልብሱን አስተካክሎ ቆመ።

«አካም ቡልተኒ?» አሉ ኦቦ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ሰውየው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣን፤ ወደ ቤት አስገባን፤ አጎዛ አነጠፈልን። ከጓዳ ሹክሹክታ ተሰማ። ትኩስ ወተት መጣ። አንድ ሰው የቤቱን ጌታ ታላቅ ወንድም ሊጠራ ወደ ኮረብታው ማዶ ተላከ።

ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ለልጅህ ሽማግሌ ሆኜ ኦቦ ቤት የተላክሁ ዕለት እንዲሁ ነው ያስቀመጡን።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በማለዳ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው የሚመጡ ሦስት አዛውንት ምን ሊሹ ይችላሉ?

«ኦቦ፣ ይንገሩት እንጂ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ጉሙ እየመጣ ነው።»

«ምን ብዬ?» አሉ ኦቦ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «ሰውየው ገና አልጠየቀንም። ሳይጠየቁ ‹ልጅዎን አንፈልግም› ይባላል? ወተትዎን ይጠጡ።»

ጠጣሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ጉሙ ከጋራው ጫፍ መውረድ ሲጀምር ይታየኝ ነበር። በረት ውስጥ ያሉት ከብቶች ይጮኻሉ፤ እንግዳ ተቀምጦ ጉዳዩ ሳይሰማ ከብት ማሠማራት ነውር ስለሆነ የሚያወጣቸው የለም። ከሰበታ ድረስ የመጣሁለት ጠዋት አጎዛ ላይ እንደተቀመጥኩ እያለቀ ነበር። ታላቅ ወንድሙ መጣ፤ ሰላምታው እንደገና ከሥሩ ተጀመረ። የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የእህሉ ደኅንነት ተራ በተራ ተጠየቀ።

በመጨረሻ ታላቅየው ጉሮሮውን ጠርጎ ጉዳያችንን ጠየቀ። ኦቦ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ስለ ቤቱ ክብር፣ ስለ ወተቱ ጥሩነት ረጅም ምስጋና አቀረቡና ወደ ነገሩ ገቡ። ቋንቋውን ብዙ ባልሰማም «ቀበሮ» ለማለት በእጃቸው ወደ ሜዳው ሲያመለክቱ ተረዳሁ።

ወንድማማቾቹ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ከጓዳ ያለችው የቤቱ እመቤት ናት፤ ከዚያ መያዣ ጠፋ። ልጅቱ ለካ ሮቤ ትምህርት ቤት ናት፤ አባትየው ገና ከተቀመጥን ጊዜ ጀምሮ እንዴት አድርጎ «ትምህርቷን ትጨርስ» እንደሚለን ሲጨነቅ ነበር።

ዕንባውን እየጠረገ ለኦቦ አንድ ነገር ነገራቸው። ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ።

«‹እናንተ ቀበሮዋን ስትጠብቁ፣ እሷም ከብቶቹ እስኪወጡ ስትጠብቅ ነው ያረፈዳችሁት› ይላል።»

በረቱ ተከፈተ። ከብቶቹ ወደ ሜዳው ፈሰሱ። ጥቂት እንደሄዱ፣ ከሣሩ ውስጥ ቀይ ነገር ተነሥቶ ተቀላቀላቸው። በላሞቹ እግር መሐል ተሸሽጋ፣ ሆዷን ከመሬት አስጠግታ ወደ አንድ ፍልፈል ተሳበች፤ ዘለለች፤ ያዘች። ላሟ ቀና እንኳ አላለችም። ጉሮሮዋ ነጭ፣ ጅራቷ ጥቁር ነበር።

አስጎብኚው ፈረሷን እየሳበ የደረሰው ያኔ ነው። ጉሙ ወርዶ ሁሉን እስኪሸፍን ቆመን አየን።

ከዚያ በኋላ የገጠመኝን እንዳለ ልጻፈው። የጥንቷን ቀበሮ ለማስታወስ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው የዛሬዋ ሆነች። የቀድሞዋ በየትኛው በኩል እንደሄደች፣ ተመልክታኝ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ አላውቅም። አይቻት ሊሆን እንደሚችል አረጋገጥኩ፤ ማየቴን ግን አይደለም። ይህን ለወዳጄ ነገርኩት።

«እኔ ያኔ አብሬህ አልነበርኩም» አለ። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ውሻ ነው የሚልህ ካለ ወደ እኔ ላከው።»

ደስታዬ ተመልሶ ጉልበቴ ድረስ ወረደ፤ ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ሰበታ ስንደርስ ባለቤቴ በሩን እየከፈተች «ስንት ነበሩ?» ብላ ጠየቀች።

«አንዲት» አልኩ፣ ቃሌን መዝኜ።

«ሁለት ነበሩ» አለ የቡራዩው ወዳጄ ከኋላዬ፣ ጫማውን እያወለቀ።