«ጓዳዬ» እንዴት «ጓዴ» እንደሆነች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለልጆቼም፣ ለነፍስ አባቴም። የነፍስ አባቴ በየዓመቱ ጾም ሲገባ «ሌላስ የቀረ አለ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ትንሽ የማስብ መስዬ «ከዚህ በላይ የለም አባ» እላለሁ። አለ። እኔ አንድ ዘፈን ገድያለሁ። የገደልኩት በእስክሪብቶ ነው፤ ከገደልኩት በኋላም መድረክ ላይ አቁሜ አስጨብጭቤበታለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሆሳዕና የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት የአማርኛ መምህር ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን በሥራ ተዛውሮ መጥቶ እዚያው የቀረ ጸሐፊ ስለነበር፣ በከተማው ውስጥ ትክክለኛ አማርኛ የሚነገረው በእኛ ግቢ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ገበያ ውስጥ አንዲት ቅቤ ሻጭ «ና ቅቤ ግዢ» ብትለኝ፣ «ግዛ ነው የሚባለው» ብዬ አርሜያት ሳልገዛ የምሄድ ሰው ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ውስጥ እስክሪብቶ ሲገባ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

በትርፍ ጊዜዬ የአውራጃው የኪነት ቡድን ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ የዘፈን ግጥሞችን በሦስት ኮፒ ጽፌ ለግጥም አጣሪ ኮሚቴ ማቅረብ፣ ኮሚቴው «ይቅረብ» የሚል ማህተም ሲያሳርፍባቸው ደግሞ ለልምምድ ማከፋፈል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ጸሐፊ ሳይሆን ገጣሚ መባል ነበር የምፈልገው። ስድስት ግጥም ጽፌ አቅርቤ ስድስቱም ተፈቅደውልኛል። ችግሩ ማንም ሊዘፍናቸው አለመፈለጉ ነበር።

ዘፋኛችን ጋሽ ሄራሞ ነው። የጃጁራ ሰው፣ ስድሳውን ያለፈ፣ ክራር የሚመታ ሽማግሌ። በጉልምስናው በሀዲይኛ የሠርግ ዘፈን ያወጣ ነበር፤ ቀኑ ለእሱ ካልተመቸው ሠርጉ ይዘዋወርለት ነበር ይባላል። ሚስቱ እትዬ ዘነበች ከሞተች በኋላ ግን ሠርግ መሄድ ተወ። ግጥሞቹ ጥቂትና አጫጭር ሆኑ፤ ከሀዲይኛም ወደ አማርኛ ዞረ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «በሀዲይኛ ስዘፍን እሷ የምትቀበለኝ እየመሰለኝ አቆማለሁ። አማርኛ ውስጥ ግን ብቻዬን ነኝ፤ ይሻለኛል» አለኝ። እኔ ይህን ስሰማ ያሰብኩት «የምትቀበለኝ» የሚለውን ያለ ቦታው አጥብቆ መናገሩን ብቻ ነው።

ማንበብና መጻፍ አይችልም። መሠረተ ትምህርት ገብቶ ስሙን መጻፍ እንደቻለ «ይበቃኛል፤ ደብዳቤ የምልክለት ሰው የለኝም» ብሎ ቀርቷል። ግጥም የሚሠራው በእግሩ ነበር። ከጃጁራ ሆሳዕና ሲመጣ መንገዱን ሙሉ አንዲት ስንኝ እየደጋገመ ይራመዳል። ከተማ ሲገባ ካስታወሳት ትኖራለች፤ ካላስታወሳት ተመልሶ አይፈልጋትም። «መንገድ ላይ የጠፋች ስንኝ ድሮም አልነበረችም» ይል ነበር። የተረፈችውን ደግሞ ገበያ ወስዶ፣ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው የሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቁጭ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራታል። ሴቶቹ ቀና ካሉ ይይዛታል፤ ከገዢ ጋር መከራከራቸውን ከቀጠሉ ይጥላታል። የእኔን ስድስት ግጥሞች ለእነዚያ ሴቶች አንብቤ ቢሆን ኖሮ ቅቤያቸውን ጠቅልለው ይሄዱ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ቢሮዬ መጣና ጋቢውን ሳያወልቅ ይህችን ዘፈነልኝ፤

ጓዳዬ ጓዳዬ፣ እሷን መልሽልኝ፣
እንሰቱም ደረሰ፣ ዛሬ ማን ይፋቅልኝ።
ባዶ ነሽ ይሉሻል፣ ገብተው ያዩሽ ሁሉ፣
መች እነሱ ሳቋን፣ ሰምተውት ያውቃሉ።

«ባዶ ነሽ» ሲል ቀኝ እጁን፣ ጓዳው እዚያ ያለ ይመስል ወደ ጀርባው ይዘረጋዋል። አልዋሻችሁም፤ ሰውነቴን ወረረኝ። ይህን የምነግራችሁ ግጥሟ ሳትገባኝ ቀርታ ያጠፋሁ እንዳይመስላችሁ ነው። ገብታኛለች። ባትገባኝ ኖሮ ጥፋቴ ግማሽ ይሆን ነበር።

በሦስት ኮፒ ጻፍኩና ለኮሚቴው ሰጠሁ። ከዚያ ቤቴ ስገባ ሐሳብ ያዘኝ። በዚያ ዘመን «ጓዳዬ ባዶ ነው» ብሎ መዝፈን ይቻላል? ሕዝቡ ተራበ ማለት ነው ቢሉኝስ? እሺ፣ ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ፍርሃቱ ምን ያህል ነበር? ቅናቱስ? አንድ ስሙን ብቻ መጻፍ የሚችል ሽማግሌ፣ በሁለተኛ ቋንቋው፣ እኔ በስድስት ግጥም ያጣሁትን በአራት ስንኝ አገኘው። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ወረቀቱን መልሼ እወስድ ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ «አስተካከልኩት»፤

ጓዴ ሆይ ጓዴ ሆይ፣ ድሉን ንገርልኝ፣
እንሰቱም ደረሰ፣ ምርት ይብዛልኝ።
ባዶ ነህ ይሉሃል፣ ገብተው ያዩህ ሁሉ፣
መች አድኃሪዎች፣ ድልህን ያውቃሉ።

ሰው ጓዱ ውስጥ እንዴት ይገባል? ይህን አልጠየቅኩም። «ጓዳ» ሴት፣ «ጓድ» ወንድ መሆኑን አስቤ «ነሽ»ን ወደ «ነህ» መለወጤ ብቻ አኮራኝ። ከሥሩም «ግጥም» ብዬ የራሴን ስም ጻፍኩ።

በማግስቱ ለጋሽ ሄራሞ «ኮሚቴው ቀይሮታል፤ ትእዛዝ ነው» አልኩት። ኮሚቴው ገና ወረቀቱን አላየውም።

«ጓዳዋን ምን አደረጓት?» አለኝ።

«ጓድ ሆናለች።»

 «ሹመት አግኝታለቻ» አለና ክራሩን መቃኘት ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን የ«ጓዳዬ» ወረቀት ከኮሚቴው ተመለሰ። አንዲት ፊደል አልተነካም። «ይቅረብ» የሚል ማህተም አርፎበታል፤ ከጎኑ ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ታደለ፣ እሱ ሲያልፍ መንገድ የምንቀይርለት ሰው፣ በቀይ እስክሪብቶ «እናቴን አስታወሰኝ» ብሎ ጽፎበታል። ደርግ በብዙ ነገር የሚጠየቅ መንግሥት ነው፤ በዚህ በአንዱ ጉዳይ ግን ንፁህ ነው። ያን ጊዜ ሮጬ ሄጄ «ጋሽ ሄራሞ፣ ተፈቅዷል፤ የራስህን ዝፈን» ማለት እችል ነበር። ልምምዱ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ማን ያዘኝ? ስሜ ያዘኝ። «ግጥም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስሜ አምሮብኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ።

የክፍለ ሀገሩ ውድድር ደረሰና ሄድን። ፊት ለፊት ካለው ረድፍ መሐል የክፍለ ሀገሩ ትልቅ ጓድ፣ ከጎናቸው ጓድ ታደለ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሄራሞ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች በሰላም ጨረሰ። «ባዶ ነህ ይሉሃል» ላይ ሲደርስ እጁ እንደ ልማዱ ሊዘረጋ ተነሳ። ወደ ጀርባው እንዳይዘረጋ ከኋላው ከበሮ መቺው ቆሟል። ስለዚህ ወደ ፊት ዘረጋው። መዳፉ ትልቁ ጓድ ላይ አረፈች። «ገብተው ያዩህ ሁሉ» ብሎ ደገመው።  እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስሜን ከወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቴ እፍቅ ነበር፤ ቀለሙ አይለቅም።

ትልቁ ጓድ ሳቁ። ተነስተው አጨበጨቡ። «ይህ ነው ሂስ ማለት» አሉ፣ «ሰፊው ሕዝብ መሪውን ፊት ለፊት ባዶ ነህ ሲል!» አዳራሹም ተነሳ። አንደኛ ወጣን። እኔም የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ፤ «ለደፋር ብዕርዎ» ይላል።

ጓድ ታደለ ብቻ አላጨበጨበም። ስንወጣ ክንዴን ይዞ «መምህር፣ ያቺ ጓዳ የት ሄደች?» አለኝ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው ድምፅ ነው። እኔ ምን አልኩ? «ጋሽ ሄራሞ ራሱ ነው የቀየራት፤ ሽማግሌ አይደል፣ እንቢ አለኝ» አልኩት። ሽማግሌውን በኮሚቴው፣ ኮሚቴውን በሽማግሌው ዋሸሁ። ሁለቱ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ባለሥልጣን ይፈራል፤ ጓድ ታደለ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ባለሥልጣን ስለሚፈራ ትልቁ ጓድ ያጨበጨቡለትን አይመረምርም፤ በዚህ መካከል እኔ ተመችቶኝ ኖርኩ።

ከዚያ ወዲያ «ጓዴ» ያልተዘፈነችበት ስብሰባ የለም። በማዳበሪያ ስብሰባ፣ በመሠረተ ትምህርት ምረቃ፣ በየቀበሌው። ፊት ለፊት ረድፍ የሚቀመጥ ሰው እየጠፋ መጣ። ጊምቢቹ ላይ የኅብረት ሱቅ ኃላፊው፣ የጋሽ ሄራሞ መዳፍ ባረፈችበት ቅጽበት ብድግ ብሎ «ስኳሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ግን ሁሉንም አይደለም» ብሎ ተናዘዘ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ። ግጥሜ ሌላውን ሲያናዝዝ እኔን አንድም ቀን አልነካኝም።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሽ ሄራሞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ክራሩን አልያዘም።

«አንድ ነገር አስቸገረኝ» አለ። «ቤቴ ስገባ ለጓዳዬ ያቺን ዘፈን ልላት እፈልጋለሁ። ለሰው አይደለም፣ ለራሴ ነው። አፌን ስከፍት ጓዴ ይወጣል። ብሄድ ብመጣ ጓዴ ነው። አንተ መጀመሪያ ጽፈሃታል፤ እንዴት ነበረች?»

ወረቀቱ ጉልበቴ አጠገብ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሳላወጣውም በቃሌ አውቃት ነበር፤ ዛሬም አውቃታለሁ። ብነግረው ምን እሆን ነበር? ምንም። እሱ እንደሆነ የሚከስ ሰው አይደለም። ምናልባት «ታዲያ ማን ቀየራት?» ይለኝ ይሆናል። ይህን አንድ ጥያቄ ፈርቼ «አላስታውስም ጋሽ ሄራሞ፤ ቆየ እኮ» አልኩት።

«ከአንተም ጠፋች?»

«ጠፋች።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ጥሩ አልነበረችም» አለ። «እኔ ጥሩ መስላኝ ነበር።» ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ግጥም አላወጣም፤ መንግሥት ሳይለወጥ ሞተ።

መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ሰው ሁሉ የተከለከለበትን ይቆጥር ጀመር፤ እኔም ተጠየቅኩ። «የጋሽ ሄራሞን ዘፈን ሳንሱር አበላሸብን» አልኩ። በሁለት መድረክ ላይ ተናግሬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተጨብጭቦልኛል፤ በሁለተኛው ጋቢ ሸለሙኝ። ያንን ጋቢ እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ፤ ይሞቃል። ደርግ ያልሠራውን በደርግ ላይ ለጥፌ በጋቢ መሞቅ ምን ይባላል? ስሙን እናንተ አውጡለት፤ እኔ ከእንግዲህ ለነገር ስም አላወጣም።

ባለፈው ዓመት ጡረታዬ ላይ ሆኜ ያን ወረቀት ይዤ ጃጁራ ሄድኩ። የጋሽ ሄራሞ ልጅ አስቴር እዚያ ልብስ ትሰፋለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማለትም ሁሉንም ልነግራት ሄጄ፣ አፌ ተሳስሮ ወረቀቱን ብቻ ሰጠኋት። አነበበችው። ማህተሙን አየች። በቀይ የተጻፈውንም አነበበች። የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቆመች።

«ተፈቅዶ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ግጥሙ መጥፎ ስለነበረ የጠፋበት ይመስለው ነበር። እናታችንን በመጥፎ ግጥም አስታወስኳት እያለ ነው የሞተው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮስ? ባውቅ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ እዚህ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልጽፈውም፤ እርግጠኛ አይደለሁምና።

ከዚያ «ዜማውን አንተ ታውቀዋለህ፤ በለኝ እስቲ» አለችኝ። ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ቃሉ ፊት ለፊቴ ተጽፏል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፤ «ጓዴ ሆይ» ብዬ። አቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ ዜማው ሲነሳ አፌ ውስጥ «ጓዴ» ገባ። ሦስተኛ ጊዜ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ሞከርኩ። ያው።

አስቴር ጠበቀችኝ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።

«ተወው ጋሼ» አለች። «ወረቀቱን ተውልኝና ሂድ።»

ተውኩላትና ሄድኩ።