የኡላሊ ቋሊማና የጋለው ጎማ

ኡላሊ ናኳን በደቡብ ሉዊዚያና፣ አስፋልቱ አልቆ ጨዋማው ውሃ በሚጀምርበት ዳርቻ፣ ጀልባ ማውረጃው አጠገብ በረዶና ማጥመጃ ሽሪምፕ ትሸጣለች። ሕጓ አንድ ነው፤ ጀልባውን በተሳቢ ጎትቶ የመጣ ሁሉ ወደ ውሃው ከመውረዱ በፊት ቁጭ ብሎ ሩዝ የተሞላ ቋሊማዋን ይብላ። አጥማጆቹ ገበያ ልታደምቅ ነው ብለው ያሟታል። ይሟት! እሷ የምትጠብቀው ጎማው እስኪቀዘቅዝ ነው። ከአውራ ጎዳና የመጣ ተሳቢ የጎማው መሀል እጅ አያስነካም። እንደጋለ ውሃ ውስጥ ከገባ ጨዋማውን ውሃ ወደ ውስጥ ይምጋል፤ ማለስለሻ ግራሶው ይበላሻል፣ ጎማውን ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ይዝጋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ጎማው ተነቅሎ ብቻውን ይሄዳል።

ባሏን ኦቪድን የገደለውም እንዲህ ብቻውን የሄደ ጎማ ነው። ሰውየው በገዛ ደጃፉ ቆሞ አጥሩን ቀለም ይቀባ ነበር። በደጁ ያለፈው ተሳቢ ባለቤት ጎማ እንደጎደለው ያወቀው ነዳጅ ማደያ ሲደርስ ነው። ነዳጅ ማደያ! ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እየመጣ «አጋጣሚ ነው፣ ምን ይደረጋል» አላት። ታናሽ ወንድሟ አልሲድም ትከሻዋን አቅፎ ያንኑ ደገመው። አንድ እፍኝ ግራሶ መቀየር የሰነፈ ሰው ባሏን ሲነጥቃት አጋጣሚ ይባላል? ያ ቃል እስከ ዛሬ ደሟን ያፈላዋል።

አንድ ቅዳሜ ራሱ አልሲድ በፒክአፑ እየበረረ መጣ።

«አልሲድ! ትንሽ ቆይ፣ አብርደው!»

«ስመለስ እበላልሻለሁ እትዬ! ዓሣው ያንቺን ቋሊማ አይጠብቅም!»

አጥማጆቹ ሳቁ። እሱም ተሳቢውን እንደጋለ ውሃ ውስጥ ከተተው። ወቅቱን ሙሉ ሲያደርግ የከረመው ይህንኑ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጀልባውን ጭኖ ሲወጣ ኡላሊ ተሳቢውን ዞር ዞር ብላ አየችው። የቀኙ ቸርኬ ከውስጥ በኩል ውሃ ገብቶበት ወተት የመሰለ ግራሶ ተረጭቶበታል። ወዲያው የበረዶ ሳጥኗን ጎትታ ፒክአፑ ፊት አስቀመጠችና ቁጭ አለችበት።

«ይህን ይዘህ አውራ ጎዳና አትወጣም።»

«እትዬ፣ ሰው እያየን ነው! ጎማው አዲስ ነው፣ ጥርሱን እይው!»

«ጥርሱን ምን ላድርገው? ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። ግራሶውንስ አላየኸውም?»

«ጀልባው የኔ፣ ተሳቢው የኔ፤ አንቺን ምን አገባሽ?»

«መንገዱም ያንተ ነው? ዳር ዳሩን የሚኖረውም ሰው ያንተ ነው?»

«ተነሺ ብዬሻለሁ!»

«አልነሳም። ከፈለግህ ሂድብኝ።»

ጠዋት ሲስቁ ከነበሩት አንዱ ክሪክ አምጥቶ አልሲድ እግር ስር አስቀመጠለት። የሚስቅ ሰው አልነበረም። አልሲድ እየተነጫነጨ ተሳቢውን አነሳ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ የመሀሉን ክዳን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አወለቀ። ዝገት የበዛበት ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ ከኩሽኔታው የቀሩት፣ ተቃጥለው የጠቆሩ ስብርባሪ ብረቶች መዳፉ ላይ ተዘረገፉ። ጎማውን ይዞት የነበረው ነገር ይኸው ነበር።

«እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አንተንማ ያተርፍሃል! ፒክአፑ ውስጥ ነህ!» ኡላሊ ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለች። «ይሄ ጎማ ተነቅሎ የአንዷን ባል ደጃፉ ላይ ቢገድልባት፣ ቀብሩ ላይ ምን ብለህ ታጽናናት ነበር? ንገረኝ እስቲ!»

አልሲድ አፉን ከፈተ። በኦቪድ ቀብር ላይ የተናገረው «አጋጣሚ ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እህቱን አያትና ቃሉን ውጦ፣ ብረቶቹን እንደጨበጠ የግራውን ጎማ ሊፈታ ዞረ።