የጋሽ አንዴ የጡረታ ፎቶ

ስሙን በትክክል የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነበር። የቀረው የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ ከጥበቃው እስከ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሽ አንዴ ነው የሚለው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። ፊልም በቁጥር ይታደል በነበረበት ጊዜ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ «አንዴ ብቻ ነው የማነሳው፣ አንዴ! ማንም እንዳይነቃነቅ!» እያለ ይጮህ ነበር። ፊልሙ ቀረ፤ ጩኸቱ ግን አብሮት አረጀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የዚያ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ሆኖ ሠርቷል። ሪባን ሲቆረጥ፣ ስብሰባ ሲከፈት፣ እንግዳ ሲጨበጥ ያነሳል። መጨባበጥ አይቶ የጠገበ ሰው ነው። ማን ከልቡ እንደሚጨብጥ፣ ማን የሰውየውን እጅ ይዞ ዓይኑን ወደ ካሜራ እንደሚልክ ጠንቅቆ ያውቃል። በዚህ ላይ ነገረኛ ነው። «አፍህን ዝጋ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ አይደለህም» ብሎ አንድ የክፍል ኃላፊ በሰው ፊት አሳፍሯል ይባላል፤ እሱም አልካደም።

መሥሪያ ቤቱ አንድ የቆየ ልማድ አለው። ጡረታ የሚወጣ ሰው፣ ተላላኪም ይሁን ኃላፊ፣ በትልቁ አዳራሽ መድረክ ላይ ከዋና ሥራ አስኪያጁ እጅ የምስጋና ወረቀት ይቀበላል። ስትጨባበጡ የተነሳችው ፎቶ በፍሬም ሆና ምድር ቤት ኮሪደሩ ላይ በተራ ትሰቀላለች፤ አንድ ቅጂ ወደ ቤት ይዘህ ትሄዳለህ። ያንን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሞላው ጋሽ አንዴ ነው። እኩል ግን አላነሳቸውም። ለኃላፊ አስር፣ ለተላላኪ አንድ። «ፊልም አጥቼ ነው» ይል ነበር በፊልሙ ዘመን። ፊልም ከቀረ በኋላ ምን አጥቶ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

አንድ ሰው ብቻ ጠይቃዋለች፤ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። ሃያ ስምንት ዓመት ከአቧራና ከፋይል ጋር ታግላ ስትሰናበት አንዴ አነሳት። ፎቶው ሲወጣ ዓይኗ ተጨፍኗል። ፍሬሙን ይዛ ክፍሉ ድረስ መጣች።

«ጋሽ አንዴ፣ ሌላ የለህም? የተኛሁ እኮ ነው የምመስለው።»

«ዓይንሽን የጨፈንሽው አንቺ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላት ቀና እንኳ ሳይል።

ሴትዮዋ ፍሬሙን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጸጽተው ነበር። እሱ ምሳውን በላ።

ቤቱ ደግሞ የሳሎኑ ግድግዳ በፎቶ ተሞልቷል። ልጆቹ ጥርስ ሲያበቅሉ፣ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ሲመረቁ፤ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ፣ ሚስቱ በር ላይ ቆማ። እሱ የትም የለም። የሠርጋቸው ፎቶ እንኳ ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ በስብሶ ቀርቷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሚስቱ የምትቀልዳት አንዲት ቀልድ አለቻት። «እነዚህን ልጆች ብቻዬን የወለድኳቸው ይመስላል፣ አይደል?» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። ቀልዷ ግን ከዓመት ዓመት እየመረረች ሄደች።

ጡረታው ሲቃረብ ሚስቱ ከሶፋው በላይ፣ ልክ ከልጆቹ መሃል፣ አዲስ ሚስማር መታች።

«ይቺ ያንተ ናት» አለችው። «የስንብት ፎቶህን ይዘህልኝ ና። ደግሞ እንደ ክስ ምስክር ተኮሳትረህ እንዳትነሳ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶዋን ሚስማር ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ለሰው አይናገር እንጂ ከጡረታው ሁሉ የሚጓጓው ለዚያች አንዲት ፎቶ ነበር።

ስድስት ወር ሲቀረው አሮጌው ካሜራ ሞተ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ዕድሜውን ጨርሷል፣ ነፍስ ይማር» ብሎ መለሰለት። አዲስ እስኪገዛ ድረስ ከወንድሙ ልጅ የተዋሳትን ትንሽዬ ካሜራ ይዞ ወደ አንድ ስብሰባ ሲገባ፣ የፕሮቶኮሉ ሹም በር ላይ በመዳፉ ደረቱን ገታው።

«እንግዶች በዚያ በኩል ነው የሚገቡት። የግል ካሜራ ደግሞ አይፈቀድም።»

«የምን እንግዳ? እኔ ነኝ እኮ!»

ሹሙ ያውቀዋል። ለዓመታት ሰላም ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ግን ያየው ፊቱን ሳይሆን ካሜራዋን ነው። እጁን እስኪያወርድ ድረስ ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ያቺ ሳቅ ገብታ ከጋሽ አንዴ አንጀት ሥር ቁጭ አለች።

በዚያው ሰሞን ተተኪው ተቀጠረች፤ ትምህርቷን ገና የጨረሰች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ልጅ። ከግዢ ክፍልም አንድ ቅጽ መጣ። «ተጠቃሚው ሁለቱን ካሜራዎች አይቶ ይምረጥ፣ ይፈርም» ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጋሽ አንዴን ሐሳብ የጠየቀ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ከልጅቷ ጋር ወደ ካሜራ መደብሩ ሄዱ።

ሻጩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠላቸው። አንደኛው ሚረርለስ የሚሉት ነው፤ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ሌንሱ አጭር፣ የሩቁን የማያቀርብ። ውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ ግን ሰፊ ስለሆነ ጨለማ አይፈራም። ሌላው ሱፐርዙም ነው፤ ግዙፍ፣ ሌንሱ ከአካሉ የማይነቀል፣ ቁልፉን ሲነኩት አፍንጫው እየረዘመ የሚወጣ። ስልሳ እጥፍ ያቀርባል። ብርሃን ተቀባዩ ግን ከትንሽ ጣት ጥፍር ያንሳል፤ ፀሐይ ካላገኘ ይጨነቃል። ሻጩ ይህን ሁሉ አልደበቃቸውም፤ ሐቀኛ ሰው ነበር።

ጋሽ አንዴ ትልቁን አንስቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። አፍንጫውን ሲያስረዝመው የአንሶላዋ መጣፊያ፣ መጣፊያው የተሰፋበት ክር ሳይቀር ታየው።

«እንዴ!» አለና እንደ ልጅ ሳቀ።

አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያየዋል። አንዱ ለጓደኛው «ጋዜጠኛ ነው» ሲል ሰማ። ደረቱ ተነፋ።

«ጋሼ፣ እስቲ ጨለም ያለው የመደብሩ መጋዘን ውስጥም እንሞክራቸው» አለች ልጅቷ። «አዳራሹን መቼም ያውቁታል።»

አዳራሹን ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ስለሚያማቸው መጋረጃው ዓመቱን ሙሉ አይገለጥም። ፍላሽ ክልክል ነው። የሰው ሁሉ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ፎቶ አንሺውም ከመጨረሻው ወንበር ኋላ ከተዘረጋው ገመድ አያልፍም። መጋዘኑ ገብተው ጥግ ላይ ያለ የካርቶን ቁልል በሁለቱም አነሱ። በትልቁ የተነሳው ላይ የካርቶኑ ጽሑፍ ውሃ እንደነካው ቀለም ተድበስብሷል። በትንሹ የተነሳው ርቆና አንሶ ነው የሚታየው፤ ልጅቷ ስታሳድገው ግን ፊደሉ አንድ በአንድ ተነበበ።

«ከገመዱ ኋላ ሆነን አንስተን፣ ቆርጠን እናሳድገዋለን» አለች። «የእርስዎም ስንብት እኮ እዚያው አዳራሽ ነው፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነበር። እውነቷን መሆኑንም አይቷል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ፎቶ ያየ ዓይን እንዲህ በቀላሉ አይሳሳትም። ግን ትንሿን ካሜራ ባያት ቁጥር የፕሮቶኮሉ ሹም መዳፍ ደረቱ ላይ ያርፍበታል።

«እኛ የምናነሳው ሰው ነው እንጂ ካርቶን አይደለም» አላት። «ካሜራ ካሜራ መምሰል አለበት። ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም።»

«እሱስ ልክ ነው» አለች።

ቅጹ ላይ ከትልቁ ትይዩ ፈረመ፤ ፊርማውን አስረዝሞ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት እንኳ ሳታውቅ ነው የጣለችው። እሱ ዓይኑ እያየ ነው።

ለጥቂት ወራት ነገሠ። ያንን ግዙፍ ነገር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ የፕሮቶኮሉ ሹም ገና ከሩቅ «ይለፉ፣ ይለፉ» ይለዋል። ግቢ ውስጥ በፀሐይ ያነሳቸው ፎቶዎች ያምሩ ነበር፤ ሐሰት አይነገርም። አዳራሽ ውስጥ ያነሳቸው ድብዝዝ ሲሉ «መጋረጃው ነው» ይላል። የስብሰባ ፎቶ አጥብቆ የሚያይ ሰው ስለሌለ የተከራከረው አልነበረም። ስንብቱ ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ክፍሉ ገባች።

«ጋሼ፣ ለዚያ ቀን እንኳ እንደ ትንሿ ያለች ካሜራ ከአክስቴ ልጅ ልዋስ?»

«በውሰት ካሜራ? እኔን? በር ላይ መቆም የሚያምርሽ ከሆነ ሂጂ ቁሚ!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሚስቱ ሱፉን ሁለቴ ተኮሰችለት፤ ቤተሰብ ስለማይጋበዝ እስከ በሩ ሸኘችው። መድረኩ ላይ ሲወጣ ዕድሜውን ሁሉ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ያየውን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠ። ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ጎንበስ አላለም። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ያዘ። ከገመዱ ኋላ ልጅቷ ያንን ረጅም አፍንጫ ወደ እሱ ስትመልሰው አየና ፈገግ አለ። ሊያስነጥሰው ሲል እንኳ ዓይኑን አፍጥጦ አሳለፈው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ስሙን ከወረቀቱ ላይ አንብበው «እናመሰግናለን» አሉና ጨበጡት። እጃቸውን ትንሽ ያዝ አደረገ፤ ለካሜራው ጊዜ ይሁነው ብሎ ነው። እሳቸው ግን ቀስ ብለው አስለቀቁት።

ከስንብቱ በኋላ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ወጣ። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦችም እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት መጥተው ቆመዋል።

«ስንት አነሳሽ?»

«አስር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አንድ በአንድ አሳየችው። በሁሉም ላይ ሁለት ጥቁር ሱፍ ይታያል፤ ከሱፎቹ በላይ አሸዋ የተበተነበት የመሰለ ቡናማ ነገር። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ያ ሁሉ ተጠንቅቆ የያዘው ፈገግታ የለ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ጋሽ አንዴ በሰፈረው ቁና እንኳ አልተሰፈረም፤ ልጅቷ እንደ ኃላፊ ቆጥራ አስር ነው ያነሳችው። አስሩም አንድ ሆነው ወጡ።

«እጅሽ ተንቀጥቅጧል» አለ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። የፈረመበት ቅጽ በጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እሱም እዚያ መሆኑን ያውቃል። መሳቢያውን አልከፈተችም።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች። «ወረቀቱን ይዘን ግቢ እንውረድና በፀሐይ ላንሳዎት። በዚህኛው በደንብ ይወጣል።»

«ለብቻዬ? ለምኜ ፎቶ አልነሳም እኔ» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ደረጃውን ሲወርድ አንጀቱ እርር ብሎ ነበር፤ በልጅቷ ሳይሆን በገዛ ምላሱ። ተመልሶ ሊወጣ ሁለቴ ቆመ። አልተመለሰም።

«ፎቶውስ?» አለች ሚስቱ በር ላይ።

«አልደረሰም።»

ሳምንት ጠየቀችው፣ ወር ጠየቀችው፤ ከዚያ መጠየቋን ተወች። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ሚስማሯ ላይ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ አገኘ።

«ባዶዋን ከምትዝግ ብዬ ነው» አለችው። ቀልዷንም ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ቀልዳ አታውቅም።

ዓመት ሊሞላው ሲል የጡረታ ወረቀቱን ሊያሳድስ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ኮሪደሩን በፍጥነት ሊያልፈው አስቦ ነበር። ግን አንዲት አዲስ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን መሃል መንገድ ላይ አስቀምጣ አንዱን ፍሬም ስለምትፈትግ ቆመ። በግራ በኩል የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ተሰቅላለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሽፋሽፍቷ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። በቀኝ በኩል ከእሱ በኋላ የወጣ አንድ ሾፌር፣ የኮቱ ቁልፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ። ልጅቷ ትንሿን ካሜራ ተውሳ እንዳነሳችው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ይለፉ አባቴ፣ ባልዲውን ላንሳልዎት» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ይሄኛው ብቻ አልጠራ ብሎኝ ነው። በሳሙና አልኩት፣ በአልኮል አልኩት፣ ወይ ፍንክች! ምን እንደነካው እንጃ።»

«ተይው። መስታወቱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እጇ ነው፣ የአንሺዋ እጅ ነው የሚለው ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠው።

«ሰውየውን ያውቋቸዋል እንዴ?» አለች፤ ወደ ፍሬሙ ጠጋ ብላ እያየች። «ሞተዋል?»

ጋሽ አንዴ መነጽሩን አውጥቶ አደረገና ቡናማው ውስጥ ፊቱን ፈለገ። ፈለገና ፈለገና መነጽሩን አወለቀ።

«አላውቀውም» አለ።

ሴትየዋ ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ነክራ ጨመቀችና እንደገና ትፈትገው ጀመር።