ያልተቀቡት ፉርጎዎች

ሆሬስ ቢከርዳይክ አርባ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሞ ክኒን ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ የፉርጎ ብሎን መቁጠር ጀመረ። ፉርጎ ሲባል እውነተኛው አይደለም፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ በገዛ እጁ የሠራው የዕቃ ፉርጎ ነው። ባለቤቱ ኢኒድ የእንግዳ ማደሪያውን ክፍል ለሞዴል ባቡር ሐዲዱ ከለቀቀችለት ወዲህ እህቷ ስትመጣ ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው።

በሚኖሩባት የእንግሊዝ ዮርክሻየር ከተማ በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ክለብ ውስጥ ሆሬስን የማይፈራ አልነበረም። ሰው የሠራው ፉርጎ ፊት ቆም ይልና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ “ይሄ የፍሬን ዘንግ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው እኮ” ይላል። ያኔ ባለ ፉርጎው ድንገት ሻይ ያምረዋል።

የሆሬስ ሐዲድ የሚያሳየው ዘመን አያከራክርም፦ በፈረንጆቹ ማርች 1943፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ ማክሰኞ ቀን። “ለምን ማክሰኞ?” ሲሉት፣ “ሰኞ ልብስ ይታጠባላ! የየቤቱን ልብስ ገመድ ላይ ማስጣት ሊኖርብኝ ነው” ይላል፣ ፊቱን ሳያፈካ።

ያን ጊዜ ቀለም ስላጠረ አዳዲስ ፉርጎዎች ሳንቃቸው ሳይቀባ፣ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ጠቁሮ ነበር የሚወጡት። ሆሬስም ሃያ ሦስት ፉርጎዎቹን እንደዚያው አድርጎ ሠራቸው። የክለቡ ሊቀመንበር ክላይቭ ባያቸው ቁጥር፣ “ቀለም አለቀብህ እንዴ? እናዋጣልህ?” ይለዋል።

በመከር ወቅት በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የክለቡ ኤግዚቢሽን ተደረገ። ወይዘሮ ኦልድሮይድ የሚባሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ባለ ምርኩዝ ሴት ዝናብ ሽሽት ገቡና የሆሬስ ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

“ሳይቀቡ! እንዲህ ነበሩ እኮ! ስንጥራቸው እጃችንን ሲወጋን ይውል ነበር።”

የሆሬስ ልብ ዘለለች። “ያውቋቸዋል?”

“ሦስት ዓመት ድንች ከላያቸው አውርጃለሁ።”

“ሰማህ ክላይቭ?” አለ ሆሬስ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪዞር።

ወይዘሮዋ ግን ጎንበስ ብለው ፍለጋ ያዙ። “ሁሉም ደግ ነው ልጄ። እኛስ የታለን?”

“እናንተ እነማን?”

“ሴቶቹ ነና! ወንዶቹማ ዘምተዋል። በዕቃ ማውረጃው ግቢ ስምንት ሴቶችና አንድ አንካሳ ሽማግሌ ነበርን።”

ሆሬስ ጠረጴዛው ላይ የሠራውን ግቢ አየ። ጥፍር የሚያህሉ አሥራ አራት ሰዎች፣ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ባለ ቆብ፣ ሦስቱ ሪዛም።

“ሆሬስ፣ ሻይ ላምጣልህ?” አለ ክላይቭ፣ በጣም በደግነት።

ቤቱ ገብቶ ለኢኒድ ሲነግራት ደረጃው ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። “የብሎኑን ብዛት አውቀህ የእናትህን ሥራ ረሳኸው?”

እውነቷን ነው። እናቱ በዚያ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር። ሱሪ ለብሳ፣ የትኬት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ የሰባት ዓመቱ ሆሬስ በመስኮት ይሸኛት ነበር።

ከወንዶቹ አንዱን ሪዛም ብቻ ለአንካሳው ሽማግሌ አስቀርቶ፣ ክረምቱን ሴቶች ሲሠራ ከረመ። ዘጠኝ ሆኑ፤ ስምንቱ ግቢው ውስጥ፣ አንዷ ከአጥሩ ውጪ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ። ስለዘጠነኛዋ ክላይቭ እንኳ አልጠየቀውም።

ወይዘሮ ኦልድሮይድ ለምርመራ ተጠሩ። በማጉያ መነጽሩ አንዷን ትክ ብለው አዩና፣ “ይቺ እኔ ነኝ? ምነው እንዲህ መነመንኩ! የድንች ጆንያ በትከሻዬ የማነሳ ሴት እኮ ነበርኩ። ክንድ ስጣት” አሉ።

ሆሬስ ክንዷ ላይ ጥቂት ስቱኮ ለጠፈላት።

“ጨምር።”

ጨመረ።

“ሲሳሳ! ከኪስህ የምታወጣው መሰለህ?”

በሦስተኛው ክንዷ የሪዛሙን ጭን አከለ። ወይዘሮዋ ረክተው ማጉያውን አስቀመጡ፤ ሆሬስም ዕድሜውን ሙሉ በሚሊሜትር ሲለካ የኖረ ሰው፣ ማስመሪያውን ሳያነሳ ሴትዮዋን ፉርጎዋ አጠገብ አቆማት።