በነፃነት የመጫወት ልምምድ

መጋቢት ዐሥራ ሁለት ነበር። የሕፃናት ክፍሉ ረዳት ይህን ታሪክ ባወራች ቁጥር እንዲህ ብላ ትጀምርና ወዲያው ትቆማለች። «ቆይ፣ ዐሥራ ሁለትስ አይደለም። ዐሥራ ሁለት እሁድ ነበር መሰለኝ። እሁድ ደግሞ እትዬ ተማሪ እንጂ አስተማሪ አልነበሩም።» ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ትቆጥርና ትተወዋለች። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቀኑ ቢጠፋባት አይፈረድባትም። ያቺ ጭብጨባ ግን አልጠፋቻትም። በተለይ ሳትጨበጨብ የቀረችው።

እትዬ የሕፃናቱ መምህርት ነበረች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል፣ ጉልበትን አገጭ ድረስ በሚያደርስ አንድ አጭር ወንበር ላይ ተቀምጣ አስተምራለች። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሕፃናቱም፣ ወላጆቹም፣ ድሮ እሷው አስተምራቸው ዛሬ የራሳቸውን ልጅ እጁን ይዘው የሚያመጡላትም «እትዬ» ነው የሚሏት። ሁለት መዳፏን አንዴ «ጧ!» ስታደርግ አርባ ሕፃን እንደ ውኃ ጸጥ ይላል። አጥሩን ታክኮ የሚያልፍ ቆርቆሮ ገዢ እንኳ ሳያስበው ድምፁን ይቀንስ ነበር ይባላል።

አንድ ቀን ከላይ መመሪያ ወረደ። መመሪያ መቼም ከላይ ነው የሚወርደው፤ ከታች ሲወጣ ያየ የለም። ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው ሁሉ ዲግሪ ይኑረው፤ በተሰጠው ጊዜ ተምሮ ያልጨረሰ ክፍሉን ዲግሪ ላለው አስረክቦ ረዳት ይሁን ይላል። ዳይሬክተሩ ሲያነብላት እትዬ የአንዲት ሕፃን የጫማ ክር እያሰረች ነበር። ቋጠሮውን ሳትጨርስ ቀና አላለችም።

«ገባዎት እትዬ? ረዳት ማለት እኮ...» አለ ዳይሬክተሩ፣ ወደ ረዳቷ በዓይኑ እየጠቆመ።

«ምን ማለት እንደሆነማ አውቃለሁ። ንፍጥ ጠራጊ ማለት ነው።»

ረዳቷ በዚያች ደቂቃ በእርግጥም የአንዱን ንፍጥ እየጠረገች ስለነበር ለመቀየም እንኳ አልተመቻትም።

እትዬ ተመዘገበች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሕፃናቱ ጋር፣ ቅዳሜና እሁድ ዩኒቨርሲቲ። እዚያ የሚያስተምራት ሰው ስለ ልጆች ጨዋታ ሲናገር ከአፉ ማር ይንጠባጠባል። ስላይዱን ያበራና «ሕፃን የሚማረው በነፃነት በመጫወት እንጂ በሽምደዳ አይደለም» ብሎ ያነባል። ተማሪው ይገለብጣል። ፈተና ሲመጣ «የነፃ ጨዋታን ሰባት ጥቅሞች በቅደም ተከተል ዘርዝር» ይላል፤ ቅደም ተከተሉን የሳተ ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ እትዬ ሕፃን በሽምደዳ እንደማይማር ሸመደደች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ታነበንበዋለች፣ ዕቃ ስታጥብ ታነበንበዋለች። ረዳቷም ሳትመዘገብ ሰባቱን ጥቅሞች በቃሏ ያዘች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገሩ እሱንም አላለፈው። «ልጅ ለሠራው ትንሽ ነገር ሁሉ ሊመሰገን ይገባል» የሚለው ትምህርት የመጣ ሰሞን፣ ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ስላልነበረ፣ በእሱ ላይ ተለማመደችበት።

«ጎበዝ የኔ ጀግና! ካልሲህን ራስህ አነሳህ!»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ። ኋላ ግን ለመደውና ካልሲውን አንስቶ ቆሞ መጠበቅ ጀመረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ገምጋሚ ክፍሏ ድረስ መጥቶ ልጆቿ በነፃነት ሲጫወቱ ያያል። ካለፈች ዲግሪ፤ ከወደቀች የደከመችበት ሁሉ ውኃ በላው፣ ክፍሉም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ክፍሌን ለሌላ ሰጥቼ በር ላይ ልቁም?» አለች እትዬ ለረዳቷ። «በሕይወት እያለሁ? በጭራሽ!»

ችግሩ፣ እትዬ ለዕድል የሚተው ነገር አትወድም። ሕፃናቱ በነፃነት እንዲጫወቱ ከተፈለገ በደንብ መለማመድ አለባቸው። ሳምንቱን ሙሉ አለማመደቻቸው። ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚኖረው ቁምሳጥን ተከፈተ። በውስጡ ያሉት የእንጨት ጡቦች፣ የፕላስቲክ ስልክና አንዲት አሻንጉሊት ልጆች እንዳይሰብሯቸው ከመጡበት ቀን ጀምሮ ቁልፍ አልተለያቸውም። አሻንጉሊቷ ከነላስቲኳ ነው ያረጀችው።

«አንተ ባለሱቅ ነህ። አንቺ ልትገዢ ትመጫለሽ። ምን ትያለሽ?»

«ስኳር አለ ወይ?»

«ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣሽው? እየሳቅሽ በያ! እናንተ ደግሞ ቤት ትሠራላችሁ፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ሦስቴ ትስቃላችሁ። ወየውላችሁ ካልተደሰታችሁ!»

«እትዬ፣ እኔስ ምን ልሁን?»

«አንተ እንደ ልብህ ትዘዋወራለህ። ከመስኮቱ እስከ በሩ። ከበሩ እንዳታልፍ!»

ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ልጅ ትዕዛዙን ሁሉ እየተቀበለች ታስተጋባለች። «ሰማህ? ከበሩ እንዳታልፍ!» ይህችን ልጅ የግቢው ሰው «ምክትሏ» ነበር የሚላት።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት፣ ጆሮ ደግፍ ይዞት ልምምዱን አንድም ቀን ያላየ አንድ ልጅ፣ አገጩን በእናቱ ሻርፕ ተጠቅልሎ ከች አለ።

«ይሄ ደግሞ ዛሬ ምን ሊሆን መጣ?» አለች እትዬ።

«ድኖ ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ረዳቷ።

«በዚህ ቀን ይዳናል? በይ ጥግ ይቀመጥና ተመልካች ይሁን።»

«ነፃ ጨዋታ ላይ ተመልካች አለ እንዴ?»

«እንግዲያው በሽተኛ ይሁን። ይተኛ! ቢያንስ እሱን ማለማመድ አያስፈልግም።»

ገምጋሚው ወፍራም ፋይል የታቀፈ ወጣት ነበር። እትዬን «ተማሪዋ እርስዎ ነዎት?» አላትና በትንሽ ወንበር ላይ እንደ አንበጣ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመ።

«ልጆች» አለች እትዬ፣ ከማር በጣፈጠ ድምፅ፣ «ዛሬ የፈለጋችሁትን በነፃነት ተጫወቱ!»

«እሺ እትዬ!» አለ አርባው በአንድ አፍ፣ እናም እንደ ወታደር በየምድቡ ገባ። ስኳር ተጠየቀ። ቤቱ ተሠራ፣ ፈረሰ፣ ሦስቴ ተሳቀ። ከመስኮት እስከ በር የሚዘዋወረውም ተዘዋወረ። ግን ልጆቹ እንግዳ ስላዩ ደንግጠው ቸኮሉ፤ በልምምድ ግማሽ ሰዓት የፈጀው ጨዋታ ገምጋሚው የብዕሩን ክዳን አውልቆ ሳይጨርስ አለቀ። ከዚያ አርባ ጥንድ ዓይን እትዬ ላይ ተተከለ።

«ይቀጥሉ» አለ ገምጋሚው ቀና ሳይል። «ገና ነው ሰዓቱ።»

«ቀጥሉ እንጂ ልጆች» አለች እትዬ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ማር ቀነሰ።

«ጨረስን እኮ» አለ ባለሱቁ። «ስኳርም የለም።»

ያኔ ነው ጆሮ ደግፍ የነበረበት ልጅ ከተኛበት ቀና ብሎ «አሁን ምን እንጫወት?» ያለው። ልምምዱን ስላላየ ጥያቄው ከልቡ ነበር። ምክትሏ ግራ ቀኝ አየችና አሰበች።

«ገምጋሚ እንጫወት!»

ሻርፑን ከአገጩ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «እኔ እትዬ ነኝ። አንተ ገምጋሚው ነህ፤ ተጣጥፈህ ተቀመጥ። ፊትህን ቋጥር! እናንተ ደግሞ በነፃነት ተጫወቱ! ኧረ በሞቴ እንዲህ ነው የሚሳቀው? ድገም! ሰውየው ሲመጣ እንዲህ ብትስቅ ዲግሪዬን ገደል ከተትከው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይሄኛውን ሳቅ የቆጠረ የለም። ጡቦቹ ተዘረገፉ፤ ከቤት ይልቅ ዩኒቨርሲቲ ተሠራ፣ ወዲያውም ተናደ። የአሻንጉሊቷ ላስቲክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀደደ። ትንሹ ገምጋሚ የእንጨት ጡብ ላይ በጣቱ እየጻፈ «ወድቀሻል!» አለ። ምክትሏ ወገቧን ይዛ ስታፈጥበት ሐሳቡን ቀየረ። «እሺ አልፈሻል። ምሳ ደርሷል።»

ረዳቷ ወደ እትዬ ዞረች። የእትዬ ፊት አመድ መስሏል። አንዲት «ጧ!» ብቻ ትበቃ ነበር፤ አርባውም ባሉበት ይደርቁ ነበር፣ ጉዱም እዚያው ይቀበር ነበር። የእትዬ እጆች ተነሡ። እስከ ደረቷ ደረሱ። መዳፎቿ ተያዩ። በመካከላቸው ስንዝር የማትሞላ ክፍተት ቀረች። እዚያው ቆሙ። ሕፃናቱ ሲንጫጩ፣ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ሲያስል፣ የገምጋሚው ብዕር ሲቆም፣ እጆቿ እንደዚያው ነበሩ። ደወል ሲደወል ብቻ ቀስ ብለው ወርደው የቀሚሷን ጫፍ አስተካከሉ።

ገምጋሚው ጉልበቱ እየተንቋቋ ተነሣ።

«የመጀመሪያው ክፍል መልካም ነው» አለ። «ሁለተኛው ግን ድንቅ ነው! ያቺ ልጅ እርስዎን ቁርጥ! ለመሆኑ ስንት ሳምንት አለማመዷቸው?»

ዳይሬክተሩ ትንፋሹን ዋጠ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለች እትዬ።

ገምጋሚው ሳቅ ብሎ ይህንንም ጻፈው። በኋላ እንደተሰማው «ቅድመ ዝግጅት» በሚለው ነጥብ ላይ ሙሉ ውጤት ሰጥቷታል። ቅጹ ስለ ደስታ የሚጠይቅ ነጥብ አልነበረውም።

እትዬ ተመረቀች። ባሏ ጥቁር ጋውኑን ራሱ አሳጥሮ ሰፋላትና «ጎበዝ የኔ ጀግና!» ሲል ተበቀላት። ክፍሏ ተረፈ ብላ ነበር፤ አልተረፈም። ዝናዋ ወደ ላይ ወጥቶ ኖሯል። «እንዲህ ያለች ባለዲግሪ ሕፃናት መካከል ምን ትሠራለች? ትባክናለች እኮ!» ተባለ። ሕፃናትን በነፃነት ማጫወት እንዴት እንደሚቻል ለሌሎች መምህራን ሥልጠና እንድትሰጥ፣ አንድም ሕፃን ዝር የማይልበት ፎቅ ላይ ቢሮ ተሰጣት። ክፍሉ ዲግሪም ሰርተፊኬትም ለሌላት ለረዳቷ ተተወ።

«ለጊዜው ነው» አላት ዳይሬክተሩ። «ዲግሪ ያለው እስኪገኝ።»

ተገኝቶም ነበር። እሱም ወዲያው ዕድገት አገኘ።

እትዬ ዕቃዋን የሰበሰበች ቀን ባሏ ካርቶን ተሸክሞ በር ላይ ይጠብቃታል። ትንሹን ወንበር አንዴ በመዳፏ ጠረግ አደረገችው። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ ረዳቷ እጅ ላይ አስቀመጠች፤ ቆልፊውም፣ ክፈቺውም አላለቻትም።

ረዳቷ ጥያቄዋን ስንት ቀን አመላልሳዋለች። ያን ዕለት እጆችዎን ከልክለዋቸው ነው ወይስ እንቢ ብለዎት? ፈርተው ነው ወይስ ሊያዩ ወድደው? መልሱን ብታውቅ በዚህ ቁልፍ ምን እንደምታደርግም የምታውቅ መስሏት ነበር።

«እትዬ» አለች፣ «ያን ቀን እኮ...»

«አፍንጫዬ!» አለ አንዱ ከበታቿ፣ ቀሚሷን እየጎተተ።

ጎንበስ አለች። ጠረገችው፤ ልጁ ለመሸሽ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ አስቸገራት። ቀና ስትል ወንበሩ አጠገብ ማንም አልነበረም። ከግቢው በር «በርታ የኔ ጀግና፣ ከበድ ይላል እኮ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የበሩ ማጠፊያ ጮኸ።