ባለ ግራ መሪዋ ማስታንግ

አለፈች! እልል በሉ፣ አለፈች! ዛሬ ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ወረቀቷ ተመታ፤ ማኅተሙ እንኳ ገና በደንብ አልደረቀም።

ጆሃንስበርግ፣ ሰፈራችን ሮዘተንቪል ውስጥ ወሬውን የሰማ ሁሉ «ፊቤ ፈተናዋን አለፈች?» እያለ ይጠይቃል። የለም፣ የፊቤ ፈተና ገና ነው። ያለፈችው ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጀርባዋ አጭር፣ ቀይ ፎርድ ማስታንግ ናት። ደስታው ደግሞ የፊቤ አባት የዱካሞ ነው።

ዱካሞ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ እዚህ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ ይሸጣል። ሃምሳን ተሻግሯል። እዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት ከሆሳዕና አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት ቅጥቅጥ አይሱዙ ነድቷል። አርፎ መቆም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከባንኮኒው ሥር ቀኝ እግሩ የሌለ ነዳጅ ሲረግጥ ይውላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሱቅ እኮ አይሄድም! እግርህን ሰብስብ!» ትለዋለች ሚስቱ ፀገነት።

«እኔ መቼ አንቀሳቀስኩት?» ይላል እየረገጠ።

ጆሃንስበርግ ከገባ ጀምሮ አንድ ነገር እረፍት ነስቶታል። እዚህ አገር መኪናው የሚሄደው በመንገዱ ግራ፣ መሪው ያለው በቀኝ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ዕቃ መጫኛ ባኪ ቢነዳም እጁ እሺ አላለም። ፍሬቻ አበራለሁ ሲል የሚነካው ዝናብ መጥረጊያውን ነው። በጠራራ ፀሐይ መጥረጊያው ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ደንበኞቹ እየሳቁ «ሀው ባባ! ዝናቡ የት አለ?» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ግን ከልቡ አይደለም። የቆየ ሾፌር በእጁ ሲሳቅበት ያማል።

የዛሬ አምስት ዓመት አንድ እሑድ፣ ከቸርች ሲመለስ የጎረቤቱ የማኑዌል ጋራዥ ተከፍቶ አገኘ። ማኑዌል ከአንጎላ የመጡ ፖርቱጋላዊ ናቸው፣ የድሮ መካኒክ፣ ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ከአቧራማ ሸራ ሥር የቀይ መኪና መብራት ብቅ ብሏል። ዱካሞ ሸራውን ገለጥ አድርጎ በመስኮቷ ቢያይ፣ መሪዋ በግራ!

«ጋሼ፣ ልቀመጥባት?» አላቸው። ማኑዌል ቃሉን እሱ አስተምሯቸው ዛሬ በጋሼነታቸው ይኮራሉ፤ ያኔ ግን አልገባቸውም ነበር። ብቻ በእጃቸው ግባ አሉት። ገባ። ግራ እጁ ማንም ሳያሳየው ሄዶ ፍሬቻውን አገኘ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ማለት ማስታንግ ሆነ። ካርቡሬተሩን አብረው ፈቱ፣ ፍሬኑን አብረው ቀየሩ፤ ማኑዌልም እየሠሩ ታሪኳን ያወሩለታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ላይ ስትታይ ሰው እንደ ሰርገኛ ተጋፋላት፤ በመጀመሪያዋ ቀን ብቻ ሃያ ሁለት ሺህ ያህል ተሸጠች፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሚሊዮን አለፈች።

«ምን አላት ጋሼ? ሌላ መኪና ጠፍቶ ነው?»

«ተንኮሏ እሱ ነው። ከላይ ስታያት የሀብታም ልጅ፤ ከሥር አጥንቷ የተራ ቤተሰብ መኪና ነው። ስለዚህ መምህሩም ገዛት፣ የቢሮ ጸሐፊዋም ገዛቻት። ደግሞ እያት፤ ቆማም የምትሄድ ትመስላለች።»

«እንደኔ ናታ!» አለ ዱካሞ።

አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠለትም። አፍንጫዋ ላይ የሚጋልበው ፈረስ ልጓም የለውም። በእሱ አገር ፈረስ ከነልጓሙና ከነጌጡ ነው የሚታየው። «ልጓም የሌለውን ማን ያቆመዋል?» እያለ በእጁ ይወለውለዋል።

ፀገነት መኪናዋን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። «ጣውንቴ እንዴት ዋለች? በላች?» ትለዋለች እጁ ዘይት ነክቶ ሲመጣ። አሌክሳንድራ ሱቅ ያለው ወንድሙ ምሕረቱ ደግሞ የባሰ ነው። «ያቺ ቆርቆሮ ከዚያ በር ከወጣች ሱቄን ዘግቼ መንገድ ላይ እጨፍራለሁ!» ብሎ በሰው ፊት ምሏል።

ባለፈው ወር ማኑዌል ቤታቸውን ሸጡ። ልጃቸው ዘንድ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ሊሄዱ ነው። ከከተማው ሰሜን አንድ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ መጥቶ አያት፤ ጭኖ ወስዶ አዳራሽ ውስጥ በገመድ አጥሮ ሊያቆማት ነው።

«እኔ ታጥራ እንድትቆም አልፈልግም» አሉት ማኑዌል። «ዓርብ በራሷ ጎማ ሄዳ የመኪና ብቃት ምርመራውን ካለፈች ያንተ ናት። ካላለፈች ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው ይጭናታል። ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

ሳምንቱ ለዱካሞ ሳምንት አልሆነም። ስኳር ለጠየቀው ሻማ ሰጠ፣ ሻማ ለጠየቀው መልስ ብቻ ሰጠ። እየተነሳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንበር። ትናንት ፀገነት ምሳውን እንኳ ቆሞ ሲበላ አይታ «ቁጭ በል፣ ወጡም ደከመው» አለችው።

ዛሬ ጠዋት ጊዜያዊ ፈቃዷን መስታወቷ ላይ ለጥፎ አስነሳት። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ሲያጓራ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ፀገነትና ማኑዌል በሩን ከፈቱለት። ዱካሞ ፈገግ ብሎ ወጣ፣ ፍሬቻውን አበራ፣ መሪውን አዞረ፤ እና ቀጥ ብሎ በመንገዱ ቀኝ ገባ!

አሥራ ስድስት ዓመት በግራ የነዳ ሰው! መሪው በግራ ሲሆንለት እጁ ዘሎ ሆሳዕና ገባ። ፊት ለፊት ሚኒባስ ታክሲ ይመጣል። ጎማ ጮኸ፣ ክላክስ ጮኸ፣ ሰው ጮኸ። አፍንጫ ለአፍንጫ ሲቆሙ መሐላቸው የቀረው ስንዝር አይሆንም።

«ባባ! ልትገድለን ነው?» አለ የታክሲው ሾፌር፣ ራሱን ይዞ።

ማኑዌል መጥተው መኪናዋን ወደ ግቢ መለሱና ቁልፉን ነቀሉ። «በቃ። አዳራሽ ትቁም። እዚያ ማንንም አትገድልም።»

ዱካሞ ሄዶ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፀገነት ልትቆጣ አፏን ከፍታ እግሩን አየች። ቀኝ እግሩ ዝም ብሏል። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም። ፈራች።

«ጋሼ» አለች ወደ ማኑዌል ዞራ፣ «እርስዎስ ከአንጎላ እንዴት ነድተው አመጧት? እዚያ በቀኝ፣ እዚህ በግራ አይደል?»

ሽማግሌው መኪናዋን ደገፍ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጦርነቱን ሸሽተው ከሉዋንዳ ሲወጡ ከወጣት ሚስታቸው ከሉሲያ ጋር ነበሩ። ድንበሩን እንደተሻገሩ መንገዱ ጎን ቀየረ። «የመጀመሪያው ቀን እኔም እንደሱ ከካሚዮን ጋር ልላተም ነበር» አሉ። «መሪው በግራ ሲሆን ሾፌሩ ጠርዝ ላይ ተጥሎ ከፊቱ ካለው መኪና ወዲያ ማየት አይችልም። መሐል መንገዱን የሚያየው በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው። ሉሲያ እስከ ጆሃንስበርግ ድረስ <ጠርዝ! ጠርዝ!> እያለች መጣች። ያ ወንበር የተሳፋሪ አይደለም። የዓይን ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ሰውዬ እስካሁን ምነው አልነገሩት?»

ማኑዌል ወደ ቀኙ ወንበር ተመለከቱ። «ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማየት ከብዶኝ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ።

ፀገነት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። የቀኙን በር ከፍታ ገባች። «የፊቤ አባት፣ ተነስ። እግርህ ሲቆም አልወድም።»

ማኑዌል ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቁልፉን በመስኮቱ ሰጧት፤ ለእሱ ሳይሆን ለእሷ።

«ጠርዝ!» አለች በሩን ሲወጡ። ዱካሞ ጠርዙን ያዘ። «ጠርዝ! ታክሲ አለ፣ አትውጣ! አሁን ውጣ! ጠርዝ!»

«ሴትዮ፣ ጆሮዬን!»

«ልጓም የላትም ስትል አልነበር? ይኸው ልጓሟ!»

ምርመራው ቦታ ላይ መርማሪዋ ወጣት በለመደችው በቀኝ መስኮት መጥታ ፀገነትን መንጃ ፈቃድ ጠየቀቻት። «እኔ ዓይኗ ነኝ» አለች ፀገነት ኮራ ብላ፤ «እጇ እዚያ ማዶ ነው።» መርማሪዋ ሳቀች። ፍሬኑን አየች፣ መብራቱን አየች፣ ከሥር ገብታ ሁሉንም ነካካች። ዱካሞ ግቢውን አሥራ አራት ጊዜ ዞረ፤ ፀገነት ቆጥራለች። ከዚያ ማኅተሙ ጠብ!

ማኑዌል በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ወረቀቱን አይተው ለሰብሳቢው ደወሉና «ነገ አትምጣ» አሉት። ከዚያ የቀኙን ወንበር መደገፊያ አንድ ጊዜ ዳበስ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

አሁን ውጭ ክላክሱ እየተነፋ ነው። ምሕረቱ ስልክ አያነሳም፣ ገና አልሰማም፤ ከሰማም በዓይኑ ካላየ አያምንም። ሱቁን ሳይዘጋና ሳያመልጠን አሌክሳንድራ መድረስ አለብን፤ መሐላ አለበት፣ ይጨፍራታል! እኔ ጎረቤታቸውም አብሬ እሄዳለሁ፤ የኋላ ወንበሯ ጠባብ ናት፣ ግን እችላታለሁ። ፀገነት «ጠርዝ!» ማለት ጀምራለች፤ ጥለውኝ ሳይሄዱ ልሩጥ!