በጠመኔ የተደረገ ምልክት

ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ፣ ነጩ ጽሑፍ ድራሹ ሲጠፋ፣ እጄ አንዳንዴ ባለበት ይቆማል። ተማሪዎቼ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስላቸዋል። እኔን ግን በዚያች ቅጽበት የሚሸተኝ ቤንዚን ነው። ከቤንዚኑ ጋር የአባቴ ጋራዥ ይመጣል፣ ከጋራዡ ጀርባም ከተሰጣው እሸት ቡና የሚነሳው ኮምጣጣ ሽታ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ዲላ ውስጥ፣ በሞያሌው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ በጭስ ወይቦ ተሰቅሏል። ከሥሩ የምትቆመው መኪና በሣጥን የመጣች ነበረች። አንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ ቁርጥራጯን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ፣ መገጣጠሙ ሲሰለቸው ለአባቴ ትቶለት ሄደ። አባቴም አካሏን በአንድ አሮጌ መኪና ሻንሲና ሞተር ላይ አስቀምጦ ሁለት ክረምት ሙሉ ሠራት። የከተማው ሰው "ሣጥኗ" ይላት ነበር። እሱ የሠራት ግን ለእናቴ ነው። እናቴ ከዲላ በላይ ያለችው የደጋዋ ቡሌ ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀኝ እግሯን ስለምትጎትት ወደ እናቷ ቤት የሚያወጣው ዳገት ይከብዳታል። አባቴ በገዛ መኪናው እናቷ ደጅ ሊያደርሳት ቃል ገብቶላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቡሌ መልእክተኛ መጣ። አያቴ ታማለች፣ እህል ከቀመሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው አለ። ቀጥሎ ወደ እናቴ ዞሮ፣ "ድምፅሽን ልስማ ትላለች" አላት።

እናቴ ነጠላዋን ደርባ መኪናዋ ውስጥ ገባች። አባቴ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲሞክር የተሰማው የብረት መፋጨት ብቻ ነበር። ከሞተሩ ኋላ መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት ከባድ ክብ ብረት አለ። ዙሪያው ባለጥርስ ቀለበት ነው፤ ሞተሪኖው ያን ጥርስ ይዞ ነው ሞተሩን የሚያስነሳው። ሞተሪኖው የሚይዘው የጥርሱ ወገን ተበልቶ አልቆ ነበር። ሜዳ ላይ ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ ቡሌ ዳገት መሐል ቀጥ ብትል ግን ማን ይገፋታል?

አባቴ ሌላ ቮላኖ አልነበረውም። ዘዴ ግን ነበረው፦ ቀለበቱን በከሰል አግሎ ያወልቀውና ገልብጦ መልሶ ያለብሰዋል፤ ያኔ ሞተሪኖው ያልተበላውን የጥርሱን ወገን ያገኛል። እናቴን እስከ ቀትር እንነሳለን ብሏት ከቮላኖው ኋላ ያለውን ካምቢዮ አወረደ።

ቮላኖው ከመፈታቱ በፊት ጠራኝ። ስድስቱ ብሎኖች በየትኛውም ቀዳዳ ይገባሉ፤ በቀድሞ ቦታው ካልተመለሰ ግን ሞተሩ ሚዛኑን ያጣል። እሱ ከሰሉን ሊያያይዝ ሲሄድ፣ ቮላኖውንና የሚታሰርበትን የሞተር ዘንግ በሹል ብረት መትቼ ምልክት እንዳደርግባቸው ነገረኝ። መዶሻውን ይዤ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ወሬ ሰምተው የመጡ ጎረቤቶች በሩን ሞልተውት ነበር። ከመሐላቸው ልብስ ሰፊው፣ "ለመሆኑ ይቺን ልጅ የምትድራት ለሰው ነው ለጋራዡ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቀ።

"መዶሻው አይነክስሽም ልጄ፣ ምቺው" አለኝ።

አልመታሁትም። ፊቴ እየነደደ ከኪሴ የትምህርት ቤት ጠመኔ አወጣሁ፤ ሁለት ነጭ መስመር አሰመርኩና ፈጥኜ ከመኪናዋ ሥር ወጣሁ።

ቀለበቱ ከሰሉ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ፣ እኔ እንደ ልማዴ ቮላኖውን በቤንዚን እያጠብኩ ነበር። ልቤ ከልብስ ሰፊው ሳቅ ጋር ነው። ጥቁሩ ግራሶ ለቆ ብረቱ ሲያበራ ደስ አለኝ። ከዚያ ነጩን መስመር ፈለግሁት። የለም።

አባቴ ቀለበቱን አለበሰው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጥ፣ ጥ እያለ ይጨብጥ ነበር። ከዚያ ቮላኖውን ደረቱ ላይ ታቅፎ ከመኪናዋ ሥር ተንጋለለ።

"ምልክቱ የቱ ጋ ነው?" አለ።

ሰዎቹ አሁንም በሩ ላይ ናቸው። እናቴ እጇን መቀመጫው ላይ አድርጋ ታየኛለች። ጣቴን አንዱ ቀዳዳ ላይ አሳረፍኩ።

"እዚህ ጋ" አልኩት።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ እናቴ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከተማው ውስጥ በዝግታ ስንነዳ ምንም አልተሰማም። ዳገቱ ሲጀምርና ሞተሩ ድምፁን ሲያነሳ ግን መቀመጫው መርገፍገፍ ጀመረ። ግራና ቀኝ ጉም የለበሰ እንሰት ነው። አባቴ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ።

"አባዬ" አልኩት ከኋላ።

"ወዬ?"

"ምንም።"

ግማሹን መንገድ እንዳለፍን ከሥር አንድ ነገር ተንኳኳና መኪናዋ ቆመች። አባቴ ሥሯ ገብቶ ጥቂት ቆየ። ሲወጣ ወደ ፊቴ አላየም። ዓይኑ ቀሚሴ ኪስ ላይ፣ ጠመኔው ያነጣው ቦታ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አላት። "ምልክት ሳላደርግ ፈታሁት።"

እናቴ ወርዳ ትከሻዬን ያዘች፤ መንገድ ጀመርን። የምትጎትተው እግሯ ጠጠሩን ሲፍቅ የነበረው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በየጥቂቱ እያረፍን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዋይታውን ከአያቴ አጥር ማዶ ሰማነው። እናቴ ገብታ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ አለች፤ በጌዴኦኛ ቀስ እያለች ብዙ፣ በጣም ብዙ ተናገረች። ድምፅዋን አሰማቻት።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። መኪናዋ ተሽጣ ስትፈታ ገዢውን ለምኜ ቮላኖውን ወደ ቤት ወሰድኩት። ሳጸዳው ከአንዱ ቀዳዳ አጠገብ በሹል ብረት የተመታ ጥልቅ ነጥብ አገኘሁ። እኔ ያሳየሁት ቀዳዳ አልነበረም። ትክክለኛውን ቦታ ፈልጎ አግኝቶ፣ ምልክቱን ራሱ አድርጎ፣ ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አላነሳብኝም።

አሁን ቮላኖው የእናቴ የውኃ በርሜል ክዳን ላይ ተቀምጧል፤ ነፋስ እንዳይገልጠው። ውኃ ልትቀዳ በመጣች ቁጥር ታየዋለች። ባለፈው እሁድም እያየችው፣ "አባትሽ እኮ ጎበዝ ነበር። ያን ቀን ምን ነክቶት ረሳ?" አለች። ቀጥላ፣ "እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ" አለች።

"እማዬ" አልኳት።

"ወዬ?"

ቀኑን ሙሉ ሃምሳ ልጅ ፊት ቆሜ የምናገር ሰው ነኝ። ጣቴን ነጥቡ ላይ አሳረፍኩት፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

"ምንም" አልኳት።